የከሲታው ስብ

በዚያች ትንሽ ክሊኒክ ደም የምትቀዳውም፣ የምትመረምረውም፣ የስኳር ታማሚዎችን እግር የምታየውም አንዲት ነርስ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ስትሠራ ልቧ ደንድኗል። ድሮ ክፉ ውጤት ስታይ እንቅልፍ ታጣ ነበር፤ አሁን ጽፋ ታስተላልፋለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ «ቀጣይ!» ትላለች። ምን ታድርግ!

ማክሰኞ ጠዋት «ቀጣይ!» ስትል ታናሽ ወንድሟ ቁርስ ሳይቀምስ ገባ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከበር በር ሲኳትን የሚውል፣ ሱሪው በቀበቶ ብርታት የቆመለት ከሲታ። ስኳር ከያዘው ስድስት ዓመቱ ነው። ስኳሩን ለካችለት፤ ደህና ነው።

«አላልኩሽም እትዬ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለችና ከክንዱ ደም ቀድታ በማሽን አሽከረከረችው። ከላይ የቀረው ፈሳሽ ጥርት ማለት ሲገባው ወተት መስሏል። ብልቃጧን ብርሃን ላይ ይዛ አሳየችው።

«ስብ ነው። የስቡን ኪኒን ትተኸዋል አይደል?»

«ወይ ጉድ! እኔን እያየሽኝ? ስቡ የቱ ጋ ሊያርፍ? እሱ ኪኒን ለቦርጫሞች ነው፤ ለአለቃዬ ሰጠሁት!» ብሎ ሳቀ።

ሳቁም ቁጣውም አልመጣ አላት። የገዛ ወንድሟ ሆኖ እንኳ አንጀቷ ዝም አለ፤ ያናደዳትም ይኸው ነው።

«ስኳር ያለበት ሰው ቢከሳም ስቡ ደም ሥሩ ውስጥ ይጋገራል። ልብንም እግርንም ደም ይነሳል» አለችው፣ ለስንቱ ሰው ባለችበት በዚያው ድምፅ። «ስትሄድ ባትህን ያምሃል?»

ሳቁን አቁሞ ወደ ጫማው አጎነበሰ። ኋላ በየአምስተኛው ቤት እንደሚቆም፣ ሰው እንዳይጠረጥረው ደብተሩ ላይ የሚጽፍ እንደሚመስል ነገራት። እግሩ እምቢ ካለ ሥራውም አበቃለት ማለት ነው።

«ጫማህን አውልቅ።»

አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ግራ እግሩን ይዛ የደም ሥሩን ትርታ ፈለገች። የለም። ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወርዳ ጫን አደረገች፣ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። የለም። አጥንቱ እስኪሰማት ድረስ ተጫነችው።

«እትዬ፣ ጀምሪ እንጂ! ሥራ አለብኝ እኮ» አለ፣ ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል።

ጣቶቿ እግሩ ላይ ከተጫኑ ደቂቃ አልፏቸዋል፤ እሱ ግን መነካቱንም አላወቀ።

«እሺ የእናቴ ልጅ፣ አሁን እጀምራለሁ» አለችው፤ ድምጿ ተንቀጠቀጠ።