ከማርያም እስከ ማርያም የበራው ማሽን

በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የእኔ ድርሻ መተኮስ ነው። የሱፍ ሱሪ ላይ እርጥብ ጨርቅ ዘርግቼ ካውያውን ሳሳርፍበት የሚወጣው ሽታ፣ የጋለ አቧራና የረጠበ ጨርቅ አንድ ላይ ሲሸቱ ማለቴ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይወስደኛል። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በአክስቴ ቤት የመንገድ በኩል ክፍል፣ ወደ ሃብታሙ ጌም ቤት። ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ፈዝዤ ቆሜ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ከመቃጠል ለጥቂት ተረፈ።

ሃብታሙ የአክስቴ ልጅ ነው። እኔ ከይጁቤ ገጠር ወደ እነሱ ስመጣ እሱ ጎረምሳ ነበር። ያችን ጠባብ ክፍል ግድግዳዋን በአሮጌ ጋዜጣ ለጥፎ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥንና አንድ ያገለገለ የጌም ማሽን አስገብቶባት የሰፈሩ ወንድ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ይታጨቅ ነበር። የእኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ክፍሉን መጥረግ ነው። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት አቅቶኝ እዚያው ተቀምጬ እንደ ቀሪ የተቆጠርኩበት ቀን ብዙ ነው። ስምንተኛን ጨርሼ ትምህርት ሳቆም ድምፄን የሚያውቅ አስተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ማንም በሌለበት በዚያ የጠዋት ሰዓት መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፌ መጫወት ጀመርኩ። ጨዋታው የተኩስ ነው፤ ግን ተኩስ ብቻ አይደለም። ሰፊ አገር አለው፤ የተቃጠለ ከተማ፣ ጫካ፣ የተሰበረ ድልድይ፣ ወንዝ። በዚህ ሂጂ የሚል ሰው ስለሌለ ደስ ባለኝ እሄዳለሁ። ከጠመንጃው ሌላ ደግሞ ኃይል ይሰጣል፤ ከፎቅ ፎቅ መዝለል፣ ከመዳፍ መብረቅ መወርወር፣ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ለትንሽ ጊዜ ባለበት ቀጥ ማድረግ። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የማረከኝ የምጫወተው ሰው ፊቱ አለመታየቱ ነው። ሁለት እጆች ብቻ ከታች ብቅ ይላሉ። ፊት የሌለውን ሰው ማን አፍጥጦ ያየዋል? እዚያ ውስጥ ማንንም አልፈራም ነበር።

ማሽኑ ግን የደረስንበትን ቦታ የሚይዝ ሜሞሪ አልነበረውም። ከጠፋ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሃብታሙ ቀንም ሌሊትም አያጠፋውም። መብራት ሲሄድ እንዲይዝለት ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት አንድ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ አመጣ፤ እንዳይግል ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያነጥፍለታል፤ ጨርቁ ሲደርቅ የምቀይረው እኔ ነኝ። መላ ያልተገኘላት የአክስቴ ማርያም ብቻ ነበረች።

ወር በገባ በሃያ አንድ የአክስቴ የነፍስ አባት፣ አባ ይትባረክ፣ ከቅዳሴ መልስ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ጸበሉ ሶኬቶቹ የሚሰኩበት ዲቫይደር ላይ አርፎ ብልጭ ሲል የአባ ጋቢ ጫፍ ተለበለበ። ከዚያ ወዲህ አባ በር ላይ ሲደርሱ አክስቴ ከሁሉ አስቀድመው በየክፍሉ እየዞሩ የተሰካውን ሁሉ በእጃቸው ይነቅላሉ። ባትሪውንም ጭምር። ሃብታሙ ቢለምናቸው፣ "የነፍስ አባቴን በኤሌክትሪክ ልግደልልህ?" አሉት። እናም የእኛ ዓለም በማርያም ማግስት ይፈጠራል፣ በማርያም ይጠፋል። በመካከል ያለው ጊዜ ለመጨረስ በቅቶን አያውቅም።

የመጨረሻው ወር መጣ። ሃብታሙ ከባጃጅ ወድቆ ቀኝ እጁ ጀሶ ውስጥ ነበር። ባሕር ዳር የሱቅ ሥራ አግኝቶ ማሽኑንም ቴሌቪዥኑንም ለአንድ የደምበጫ ሰው ሸጧል፤ ሰውየው በማርያም ዕለት ከሰዓት መጥቶ ሊወስድ ነው። በዚያ ወር ደግሞ ጨዋታው ከመቼውም በላይ ገፍቶልን የመጨረሻው የብረት በር ፊት ደርሰን ነበር። በሩን ድንጋይ የለበሰ ግዙፍ ሰው ይጠብቀዋል። እሱን ጥለን ከበሩ ወዲያ ያለውን ካላየን፣ ሃብታሙ ያን ሁሉ ጊዜ የደከመበትን ነገር መጨረሻ ሳያይ መሄዱ ነው። የማርያም ዕለት ልጆቹ ገና በጠዋት መጥተው እየተፈራረቁ ሞከሩ፤ ሁሉም እየሞቱ ተነሡ። እኔ ጓሮ ሽንኩርት ስልጥ ሃብታሙ መጥቶ በላዬ ላይ ቆመ።

"ነይ።"

"ወዴት?"

"ማታ ከተውንበት ቦታ ጠዋት አልፎ ሳገኘው መልአክ ይመስልሻል የምጠረጥረው? ነይ ጨርሽልኝ።"

ስገባ አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። አንዱ፣ "መጥረጊያዋስ?" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ "ወጥ መስሏት እንዳታማስለው!" አለ።

"የሳቀ ይወጣል!" አለ ሃብታሙ፤ ጸጥ አሉ። ጸጥታው ከሳቁ ባሰብኝ። በሽንኩርት እጄ ጆይስቲኩን ያዝኩ፤ አንገቴ ላይ የሁሉም ዓይን ይሰማኛል። ሁለቱ እጆች ከታች ብቅ ሲሉ ግን ትንፋሼ ተመለሰ።

ልጆቹ የሚሞቱት እየሮጡ ስለሚተኩሱ ነው። እኔ ብቻዬን በነበርኩባቸው ጠዋቶች ግዙፉ ሰው ድንጋይ ወርውሮ ሲጨርስ ለአፍታ ደረቱን ከፍቶ እንደሚተነፍስ አይቼ ነበር። ከአምድ ጀርባ ተሸሽጌ እጠብቃለሁ፤ ሲተነፍስ ሁሉን ነገር ቀጥ አደርግና መብረቁን ወርውሬ እመለሳለሁ። ደሜ እያለቀ ነበር፤ የእሱም ግን ተጋምሷል።

"ቤቶች!" የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ። አባ ናቸው።

ሳሎን ውስጥ ሲያወራ የነበረው ሬዲዮ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ዝም አለ። ቀጥሎ የማዕድ ቤቱ ምድጃ ሶኬት ሲነቀል ቀጭ አለ። የአክስቴ ነጠላ ጫማ በኮሪደሩ እየተጎተተ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ከኋላቸው የአባ መስቀልና የጸበሉ ጆግ ብቅ አሉ። ልጆቹ ብድግ ብድግ አሉ። እኔ አልተነሣሁም።

"እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!" አለ ሃብታሙ።

"አባ ቆመው ይጠብቁህ? ነውር አታውቅም?" አክስቴ ጎንበስ ብለው ወደ ዲቫይደሩ እጃቸውን ሰደዱ። ግዙፉ ሰው ያን ጊዜ ድንጋዩን አንሥቷል።

"አይንቀሉት!"

ማን እንደጮኸ ለማየት እኔም መዞር ቃጥቶኝ ነበር። ድምፁ የእኔ ነው። እንዲያ እየጮህኩ እንኳን አንቱታው አለመጥፋቱ ዛሬም ያስቀኛል። የአክስቴ እጅ ሽቦው ላይ ቀረ።

"ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?" አሉ አባ። "ዲዳ ትመስለኝ አልነበር! ተያት በይ፤ ማርያም ትታገሠናለች።" ጆጉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከልጆቹ መካከል ተቀመጡ። "የትኛው ነው የሷ ሰው?"

"አይታይም አባ፣ እጁ ብቻ ነው" አለ አንዱ ልጅ።

"ፊትስ?"

"የለውም።"

"ወይ ጉድ፤ ያለ ፊት እንዴት ይኖራል..." ብለው ሳይጨርሱ፣ "ከኋላሽ! ከኋላሽ መጣብሽ!" ብለው ጮኹ፤ ጸበሉ ከጆጉ ፈሶ ጋቢያቸውን አራሰው። ዘልዬ አምዱ ላይ ወጣሁ። ደሜ አልቆ ቀዩ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰውየው ደረቱን ከፈተ። ያለኝን መብረቅ ሁሉ ለቀቅኩት።

ተንበረከከ፤ ከዚያ በደረቱ ተደፋ። የብረቱ በር እየተንቋረረ ተከፈተ፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ሜዳ ነው፣ ነፋስ የሚያስተኛው ሣር፣ የክረምት መውጫ የይጁቤ ሜዳ የመሰለ። ሁለቱ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። የማላውቃቸው ስሞች ከታች ወደ ላይ ይወጡ ጀመር።

"ይኸው ነው?" አለ አንድ ልጅ።

ሃብታሙ በጀሶው ጀርባ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

አክስቴ ነቀሉት። አባ ሲረጩ አንዳንዱ ጠብታ የጋለው ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ አርፎ ሽሽ አለ፤ ዛሬ ከካውያው ሥር የሚሸተኝ ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መስቀሉን ግንባሬ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እጄ ላይ አሳረፉት።

ከሰዓት የደምበጫው ሰው መጥቶ ዕቃውን በጋሪ ጫነ። ከማሽኑ ሥር የነበረው ጨርቅ መሬት ላይ ቀረ፤ ገና አልደረቀም ነበር። ሃብታሙ ባሕር ዳር ገብቶ እዚያው ወልዷል፤ ለበዓል ሲደውል ጤና ተጠያይቀን ወሬ ያልቅብናል። ክፍሏ ዛሬ የስልክ ቻርጀር ይሸጥባታል። አባም አርፈዋል። የስፌት ቤቱ ባለቤት ደንበኛ ፊት "ጮክ ብለሽ ተናገሪ እንጂ" ትለኛለች፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ። ያን ቀን የወጣውን ድምፅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ስንጨርሰው ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ ዓለማችን በየወሩ ይጠፋ ነበር፤ ግን በማግስቱ ሃብታሙ ማሽኑን ሲያበራው ይመለሳል። ያን ወር ጨረስነው፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።