«ኖር!» ያልንበት በር

የቆርቆሮ በር ሲያቃስት በሰማሁ ቁጥር ልጅ ሳለሁ የተማርኩበት ክፍል ትዝ ይለኛል። ሐይቁ ዳር ነበር። ንፋሱ ከውኃው ሲነሣ የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ይዞ ይገባል። እኛ በጭቃ መደብ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ በሩ አንድ ማጠፊያው ስለተነቀለ ሲከፈት እንደታመመ ሰው ያቃስታል።

መምህራችን ጋሽ ሰይድ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አርጩሜ የማይዙ ሰው ነበሩ። ከፊደልም ከሒሳብም በፊት ያስተማሩን «ኖር» ማለትን ነው። ቤታችን ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፤ የገባው ሙስሊም ከሆነ «በአላህ»፣ ክርስቲያን ከሆነ «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠናል። ክፍል ውስጥም እንዲያው ነበር። የሳቸው ግን ይለያል፤ ለርዕሰ መምህሩም፣ ለዘበኛውም፣ ለለማኝም እኩል ያስነሡናል። «ልብሱን አትዩ። ከልብሱ ቀድሞ የገባው ሰውየው ነው» ይሉን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ አቃሰተና እናቴ ገባች። የሰው ሽንኩርት ስታርም አርፍዳ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ታናሽ ወንድሜን አዝላለች። ለምን እንደመጣች አውቃለሁ። ሕፃኑን የሚይዝላት ስላጣች ከትምህርት ልታስወጣኝ እንደሆነ ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰምቻለሁ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ዘሀራ «ውይ፣ የጭቃ ቦቲ ተጫምታለች!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ።

ጋሽ ሰይድ አልተቆጡም። ጠመኔያቸውን አስቀመጡ፤ ወደ በሩ ዞረው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ራሳቸው «ኖር!» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ብድግ አለ። ዘሀራም ተነሣች።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትነሣ ነው የኖረችው፤ ለሷ የተነሣላት አልነበረም። «በአላህ… ኧረ በአላህ ልጆቼ፣ ተቀመጡ» አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ።

«ምን ልታዘዝ እትዬ?» አሏት።

እኔን አየችኝ። ከዚያ እሳቸውን። «ኧረ ምንም ጋሼ። ቁርሷን ሳትበላ ወጥታ እንደሁ ልጠይቅ ብዬ ነው» አለችና ወጣች። አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሄድ በመስኮቱ አየኋት። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን እርሻው ዳር ካለ ዛፍ ጥላ ሥር እያስተኛች ታርም ጀመር፤ እኔም አባቴ እስኪሞት ድረስ ተማርኩ። ዛሬ ይህን የምጽፍበት ፊደል ከዚያች «ኖር» የተረፈኝ ነው።

ጋሽ ሰይድ ኋላ የመጣውን ጦርነት ሳያዩ ሞቱ፤ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ከጦርነቱ በፊት የመንግሥት ለውጥ መጣ ሲባል እኔም ከሰው ጋር እልል ብዬ ነበር። ጦርነቱ እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን ለልጄ ለሐያት ሌላ ሥርዓት አስተማርኳት፦ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ግቢ፤ ትንፋሽሽን ያዢ፤ እኔ ብጠራሽ እንኳ እጅሽን እስክይዝሽ ድረስ አትውጪ። ጎበዝ ተማሪ ናት። ባንዴ ያዘችው።

ጦሩ አልፎ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት መምህርቷ አስጠራችኝ። «ልጅዎ ሥርዓት የላትም፤ ሰው ሲገባ ልጆቹ ሁሉ ይነሣሉ፣ እሷ ትደበቃለች» አለችኝ። ወጣት ናት፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች። «ልየው» ብቻ አልኩና ተከትያት ሄድኩ። እግሬን በደንብ ታጥቤ፣ ለዒድ የማስረውን ሻሽ አስሬ ነበር። በጦርነቱ የተዘረፈው ያ የድሮ በራችን በአዲስ ተተክቷል፤ እሱም ግን ያቃስታል።

ልጆቹ ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። የጋሽ ሰይድ ነገር ከነድምፃቸው መጣብኝ። የሐያት ቦታ ግን ባዶ ነበር። ከዴስኩ ሥር ቀይ ጫማዋ ታየኝ። መምህርቷ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ጎንበስ ብላ አየቻት፤ ልጄ በሁለት እጇ አፏን አፍናለች። መምህርቷ ከመንገዴ ፈቀቅ አለች።

ተንበረከክሁ። «ሐያቴ፣ እኔ ነኝ። አብሽሪ።»

አልተንቀሳቀሰችም። «እማ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሄዱ?»

«ሄዱ የኔ ልጅ። ነይ ውጪ።»

«ብጠራሽም አትውጪ ብለሽኝ የለ?»

እጄን ከዴስኩ ሥር ሰደድኩላት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ የኔ መሆናቸውን ስታውቅ ያዘችኝ። መምህርቷ ከጎኔ ተንበረከከች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

ልጆቹ ከላያችን እንደቆሙ ናቸው። ያኔ እናቴ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን «በአላህ፣ ተቀመጡ» ብላን ነበር። እኔንም ይኸው «በአላህ» እስክላቸው ይጠብቁኛል፤ ድምፄ ግን አልወጣ አለኝ።