ከአጥር ማዶ የወደቀው ጽጌረዳ

ሀረገወይን አበባውን «የበረሃ ጽጌረዳ» ማለት የጀመረችው ከአንድ ሾፌር ሰምታ ነው። ሰውየው ከዶሎ ኦዶ ሲመለስ ነገሌ መግቢያ ላይ ቆሞ፣ ከድንጋይ መሃል የበቀለውን ግንደ ወፍራምና ባለ ሮዝ አበባ ተክል እያሳያት፣ «እማማ፣ አዲስ አበባ እኮ ይሄን ተክለው ይሸጡታል፤ የበረሃ ጽጌረዳ ነው» አላት።

ስሙ ልቧ ገባ። ባሏ ሥዩም ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን የሞያሌን መንገድ ይዞ ወጣ፤ ወሬውም ሬሳውም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ ሻይ ሸጣለች፣ የመምህራን ልብስ አጥባለች፣ የሰው ልጅ አሳድጋለች። ጽጌረዳ የሚባል ነገር ግን በእጇ ገብቶ አያውቅም። ተክሉን ከድንጋይ እየነቀለች በተቆረጠ ጀሪካን ተክላ መንገድ ዳር ደረደረችው። መኪና ይቆም ጀመር።

ጎረቤቷ ዲንኪቱ አልወደደችውም። ዲንኪቱ የአሬሮ ሰው ናት፤ ከብቶቿ በቀደመው ድርቅ አልቀው ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጇን ሩቲንና አንዲት ፍየል ይዛ ከተማ የገባች።

«አዴ፣ ይሄ ደጅ ላይ አይተከልም» አለቻት፤ ሀረገወይንን እንደ እናት አክብራ «አዴ» ነው የምትላት። «መርዝ ነው። ግመል መዥገር ሲበዛበት ሥሩን ቀቅለን በውሃው እናጥበዋለን። የተቀቀለበት ድስት እንኳ ቤት አይገባም።»

«በእናንተ ቋንቋ ማን ትሉታላችሁ?»

«እናቴ ወተት ባለበት ቤት ስሙን አትጠራም ነበር። እኔም አልጠራም።»

ሀረገወይን ሳቀች። «ጽጌረዳዬን ሰይጣን አደረግሽብኝ!»

«አንቱ ደግሞ ሰይጣኑን ክርስትና አነሱት!»

«ፍየልሽ ብትበላውሳ?»

«ፍየል ከእኔም ከአንቱም የበለጠ ታውቃለች። አትነካውም።»

ሀረገወይን ይህችን ቃል ያዘች። ቅርንጫፉን ስትከረክም የቆረጠችውን በሚያዋስናቸው አጥር ላይ ወደ ማዶ መወርወር ልማዷ ሆነ። እውነትም ፍየሏ አሽትታው ታልፍ ነበር።

በ2014 ግን ዝናቡ ቀረ፤ ቀጥሎ ያለውም ቀረ። ፍየሎች ካርቶንና ፌስታል ያኝኩ ጀመር። የዲንኪቱ ጡት ደርቋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሩቲን መዝና፣ «የፍየሏን ወተት እንዳታቋርጭባት፤ በእሱ ነው ያለችው» ብላታለች። ወተቱ ጠዋት አንድ ኩባያ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የዲንኪቱ ጩኸት ተሰማ። ሀረገወይን ሮጣ ስትደርስ ፍየሏ አረፋ እየደፈቀች እግሮቿ ይብረከረካሉ። የፊት ለፊቱ ጎረቤት ኩራ ሳትሞት ሊያርዳት ቢላዋ ይስላል።

«ረሃብ ነው፤ ስንቱን አየን» አለ። «ስጋው እንኳ ይትረፍ።»

ሀረገወይን ወደ አጥሩ ስር አየች። ጠዋት የወረወረችው ቅርንጫፍ ታኝኮ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ፍየል በየቀኑ ነው የሚሞተው፤ ይህቺን ምን ገደላት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዝም ብትል ጎረቤቷም እንጀራዋም በቦታቸው ይቆያሉ። እንዲህ ስታስብ ፍየሏ ታረደች፣ ተገፈፈች። ዲንኪቱ እሳት አነደደች። ሩቲ የተጠበሰ ነገር ሳትቀምስ ወራት ሆኗታል፤ እናቷ ቀሚስ ላይ ተንጠልጥላ ጉበቱን ታያለች።

«ዲንኪቱ፣ ስጋውን ተይው።»

«ለምን?»

«ጽጌረዳ በልታለች።»

ኩራ ሳቀ። «ጽጌረዳማ የሙሽራ ነው፤ ፍየልን ምን ያደርጋታል?» አለና ጉበቱን ፍሙ ላይ ጣለው።

ሀረገወይን ለዓመታት የሸጠችበት ስም አፏ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበዳት። «ያ... የግመል መዥገር የምትገድሉበት!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ የጣልኩት። ጠዋት፣ በዚህ በአጥሩ ላይ።»

ዲንኪቱ ቀስ ብላ ተነሳች። በኦሮምኛ አንዲት አጭር ቃል ጮክ ብላ ተናገረች። ሀረገወይን የተክሉን ስም የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ኩራ ቢላዋውን ጥሎ ፍሙን ከነጉበቱ በእግሩ በተነው።

ውሻ እንዳይበላው ስጋውን መቅበር ነበረባቸው። መሬቱ ደርቆ አልቆፈር አለ። ሀረገወይን አካፋውን ስትይዝ ዲንኪቱ አልከለከለቻትም፣ አላገዘቻትምም። ሩቲ ጉበቱን እያለች ታለቅሳለች።

«ልጅቷን ነገ ጤና ጣቢያ እኔ ልውሰዳት» አለች ሀረገወይን አፈሩን መልሳ ስትጨርስ።

«አንቱ ክፉ ሰው አይደሉም፣ አዴ» አለች ዲንኪቱ። «ደጄን ግን ከእንግዲህ አይርገጡ።»

በማግስቱ ሀረገወይን የዱቄት ወተት ገዝታ በኩራ እጅ ላከች። ኩራ ቆርቆሮውን ሳይከፈት መልሶ አመጣላት። በሦስተኛው ቀን ዲንኪቱ ልጇን አዝላ፣ ዱብሉቅ ከተማ ያለ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ የጭነት አይሱዙ ላይ ወጣች። ሀረገወይን ያየቻቸው ከጀርባ ነው። የሩቲ ራስ በመኪናው መንገጫገጭ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፤ እንቅልፍ ይሁን ድካም፣ ከቆመችበት ሆና መለየት አልቻለችም።