አንቱ የተባለው አማካይ

ጁራንዲር በአገሩ አንቱ የተባለ ተጫዋች አልነበረም። እኛ ብራዚላዊ ሁሉ ኮከብ ይመስለናል። እሱ ግን ሚናስ ዤራይስ ውስጥ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ዘጠኝ ዓመት መሃል ሜዳ ላይ የለፋ፣ ኳስ ከተከላካይ ተቀብሎ ለአጥቂ የሚያቀብል፣ ጎል ሲገባ ስሙ የማይነሳ አማካይ ነበር። አሰልጣኙ እንኳ “አንተ ስምንት ቁጥር” እያለ ነበር የሚጠራው። በፈረንጆቹ 1985 ሳን ሆዜ ያለ አንድ ትንሽ ክለብ አስመጣው፤ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ተጎዳ፣ በሦስተኛው ክለቡ ራሱ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ቤት ቀቢ ሆነ። አሠሪው ስሙን መጥራት ታክቶት ጄሪ አለው፤ ጄሪም ሆኖ ስድስት ዓመት ቀለም ቀባ።

በ1994 አንድ እሑድ፣ ኦክላንድ መናፈሻ ውስጥ ብቻውን ኳስ ሲያነጥር ሰርፀ አየው። ሰርፀ ባለታክሲ ነው፣ የኦክላንድ አበሾች ቡድን አምበል። ቡድኑ አሰልጣኝ አልነበረውምና እዚያው ቆሞ ለመነው። ጁራንዲር ሱሪውን ሰብስቦ የተሰፋ ጉልበቱን አሳየው። ሰርፀ ግን የምንፈልገው ጭንቅላትዎን ነው ብሎ ድርቅ አለ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ልምምድ ጁራንዲር አብዶ ከለከለ፤ ሰው እያታለሉ ማለፍ የለም አለ። ከብራዚል የመጣ ሰው አብዶ ሲከለክል! አጥር ዳር ተሰብስቦ የሚያየው ሕዝብ ተታለልን አለ። እሱ ግን ሃያ ጊዜ ሳትቀባበሉ ጎል የሚባል ነገር እንዳታስቡ ብሎ አስጨነቃቸው። በዓመቱ እነዚያ ሁለት ሰው ለማለፍ ሦስት ጊዜ የሚወድቁ ልጆች ኳሷን እንደ ሰው አደራ በጥንቃቄ የሚያቀባብሉ ሆኑ።

አማርኛ የተማረው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ተጫዋቾቹ በዕድሜ ይበልጣቸዋልና “ጋሽ ጁራ፣ ይቀበሉ፤ ጋሽ ጁራ፣ ያቀብሉኝ” ይሉታል። እሱም የሰማውን እንደሰማ መለሰ። የሃያ ዓመቱን በረከትን “በረከት፣ ይመለሱ! አሁን ይምቱ!” እያለ ሲጮህበት ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ማንም አላረመውም፤ ነገሩ ጣፍጧቸው ነበር።

ችግሩ አቶ መንገሻ ጋ ነው። አቶ መንገሻ የቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሱቅ ያላቸው፣ መከበር የሚወዱ ሰው ናቸው። ጁራንዲርን ግን እንደ ቀን ሠራተኛ “ና፣ ቆይ፣ ስማ” ነበር የሚሉት። እሱም ለእኚህ ሰው የሚነገረው አማርኛ ይህ ነው ብሎ ያዘ። “መንገሻ፣ አንተ ቆይ” ሲላቸው ሁለት ዓመት በትዕግሥት አለፉት፤ ቆዳው ከእሳቸው የጠቆረውን ሰው “ፈረንጅ ምን ያውቃል” እያሉ።

በ1996፣ ከሳን ሆዜ አበሾች ቡድን ጋር ሊጋጠሙ ስምንት ቀን ሲቀር፣ እንግዶች የተጠሩበት ስብሰባ ተደረገ። አቶ መንገሻ ብድግ ብለው የመሃል ሜዳው አሰላለፍ ይቀየር አሉ። ጁራንዲር ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ “መንገሻ፣ አንተ ኳስ አታውቅም፣ ዝም በል” አላቸው። አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ባይኖር ነገሩ ባለፈ ነበር። አቶ መንገሻ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉና ፈረዱ፤ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፣ አለዚያ ሜዳው ውስጥ እግሩን እንዳያስገባ።

ሰርፀ በታክሲው ሊያደርሰው ሄደ፤ በመንገድም የ“አንተ”ንና የ“እርስዎ”ን ልዩነት ለመጀመሪያ ጊዜ አስረዳው። ከቤቱ በር ሲደርሱ ጁራንዲር፣ እናንተ ለምን “ይምጡ” አላችሁኝ ብሎ ጠየቀ። ታላቃችን፣ አሰልጣኛችን ስለሆኑ ነዋ አለው ሰርፀ። እሱስ ለምን “ና” አለኝ? ሰርፀ ሞተሩን አጠፋ።

“ጋሼ፣ ኢዚ ነው” አለ። “‘አላውቅም ነበር’ ይበሉና ያልቃል። ውሸትም አይደለም፣ ኦኬ?”

“አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁ” አለ ጁራንዲር። “እርስዎ ‘ይምጡ’ አሉኝ፣ ‘ይምጡ’ አልኩ። እሱ ‘ና’ አለኝ፣ ‘ና’ አልኩ። ይቅርታ የለም፣ ሰርፀ።”

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ። ግን ፈርቶ ነበር፣ በጣም ፈርቶ ነበር። የማክሰኞና የሐሙስ ልምምዱ ከእጁ ከወጣ የሚቀረው ጄሪ ብቻ ነው። ቢሆንም ይቅርታ ሊል ጉባኤው ፊት አልቀረበም።

በግጥሚያው ቀን፣ እሑድ፣ አቶ መንገሻ ራሳቸው የአሰልጣኙን ቦታ ያዙ። ጁራንዲር ከሽቦው አጥር ውጭ ቆመ። “ሩጥ! ምታ! ወደፊት ላክ!” የሚለው የአቶ መንገሻ ጩኸት ሜዳውን ሞላው፤ ልጆቹም የታዘዙትን ላኩ፣ የሳን ሆዜዎቹም እየተቀበሉ ሁለት አገቡ።

ዕረፍት ተነፋ። ውሃውና የተቆረጠው ብርቱካን አቶ መንገሻ አጠገብ ነው። ሰርፀ አለፋቸው። በረከት አለፋቸው። ተቀያሪዎቹም ተነሥተው ተከተሉ። አሥራ ስምንቱም ሄደው አጥሩ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጁራንዲርም በሽቦው ቀዳዳ ጣቱን እያሾለከ ማን የት እንደሚቆም ያሳያቸው ጀመር።

አቶ መንገሻ ብቻቸውን ቀሩ። የኦክላንድም የሳን ሆዜም ሕዝብ ያያቸዋል። ሜዳውን ግማሽ ድረስ አቋርጠው መጡና፣ “በል ና፣ ግባ” አሉ።

ጁራንዲር ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። ድምፁን ሳያነሳ፣

“አንተ ና” አላቸው።

ተጫዋቾቹ ዞረው አላዩአቸውም። ዳኛው ወደ መሃል መሄድ ጀምሯል። አቶ መንገሻ ባዶውን አግዳሚ አዩ፣ አሥራ ስምንት ጀርባ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ፣ ወጡ፣ አጥሩን ዞረው ከጁራንዲር ጎን ቆሙ።

“እርስዎ ምን ይሻላል ይላሉ?” አሉት።