ከገለባው ያልወጣው ሰም

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ትንሽ ላብራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ነበር፤ ማመልከቻው ላይ ጽፌዋለሁ፣ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። ከምኖርበት የፍሩትቬል ሰፈር በባቡር፣ ከዚያ በባስ እየሄድኩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጓንቴን አጠልቃለሁ።

አለቃዬ ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጋች ኬሚስት ነበረች። ሥራዋ የስንዴ ገለባ ከላዩ የለበሰውን ሰም አውጥቶ መመርመር ነው። የተፈጨውን ገለባ ሄክሴን በሚባል ቅባት አሟሚ ፈሳሽ እያፈላች ለሰዓታት ታጥበዋለች፤ ፈሳሹ ሲተን ብልቃጡ ሥር ቢጫ ቅባት ይቀራል። ቅባቱን ማሽን ውስጥ ስትከተው፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነገር ወረቀት ላይ እንደ ተራራ ጫፍ እየሆነ ይሳላል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ የማታውቀው ጫፍ እየመጣ አስቸገራት። በመጨረሻ ብልቃጥ ይዛ ወደ ማጠቢያው መጣች።

"ሳሙናውን በደንብ አታለቀልቂውም" አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። እያንዳንዱን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ በውኃ፣ አንድ ጊዜ በአሴቶን ነው የማለቀልቀው። ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት።

"ሶሪ በያትና ሥራሽን ያዢ፤ ሌይኦፍ ቢያደርጉሽስ?"

"ላላጠፋሁት ነገር ሶሪ አልልም" አልኳት።

በማግስቱ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። "እኔ ባጠብኩት ብልቃጥ ሄክሴኑን ብቻ፣ ያለ ገለባ እንሞክረው። ከዚያ ገለባው የመጣበትን ፕላስቲክ ከረጢት ቆርጠን በሄክሴኑ አጥበን እንሞክር።"

ትክ ብላ አየችኝ። "ይህን የት ተማርሽ?"

"ማመልከቻዬ ላይ አለ።"

የመጀመሪያው ወረቀት ንጹሕ መስመር ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ያ ጫፍ ብቻውን ቆሟል። ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚጨመረው ዘይት ነበር ወደ ገለባው የተጋባው።

አለቃዬ የሦስት ሳምንት ውጤቷን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘች። "በድዬሻለሁ" አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። አዲስ ገለባ በወረቀት ከረጢት እንዲመጣም አዘዘች።

ይቅርታው ብቻ አልበቃኝም፤ ማሽኑን እንድታስተምረኝ ጠየቅኋት። ከሥራ በኋላ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሰጠችኝ። ቅባቱ ወደ ማሽኑ የሚገባበትን መርፌ መጀመሪያ ስይዝ ጠብታዋን ጠረጴዛ ላይ ደፋኋት፤ ደግሜ ቀዳሁ። በመንፈቁ ቴክኒሺያን ሆንኩ። በምርመራው ሪፖርት ውስጥ ገለባው የያዛቸው የቅባት አሲዶችና አልኮሎች የተዘረዘሩበትን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ።