የኡሙ ሳሊም ዘመዶች

ባለፈው ሳምንት ማራገቢያ ልገዛ ታይዋን ገበያ ሄጄ ነበር። ግንቦት በድሬዳዋ የሰው ሁሉ ማራገቢያ የሚበላሽበት ወር ነው፤ የእኔም ዘንድሮ ከሰው አልተለየም። ባለሱቁ ልጅ አንዱን ሲሰካ ሌላውን ሲነቅል፣ ንፋሱን ፊቴ ላይ እየለቀቀ ያስመርጠኛል። እኔ ግን ዓይኔ ከጀርባው የተደረደሩት ቴሌቪዥኖች ላይ ቀረ። ሁሉም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ ጦርነት ከገባባት አገር፣ ሻንጣና ብርድ ልብስ የታቀፉ ሰዎች አውሮፕላን ይጠብቃሉ። መንግሥት ዜጎቹን ሊያወጣ ነው አሉ።

የሱቁ ልጆች ወዲያው ክርክር ገጠሙ። አንዱ መምጣት ያለበት ፓስፖርት የያዘ ብቻ ነው አለ። ሌላው አቦ ተወና፣ ፓስፖርቱን አሠሪው ቀምቶት ከሆነስ ብሎ አፈጠጠበት። ሦስተኛው ደግሞ ሚስቱ የውጭ ዜጋ የሆነች ሰው ምን ይሁን ሲል ጠየቀ፤ ይፍታት ብለው ሳቁበት። እኔ ንፋሱ እየመታኝ ቆምኩ። ልቤ ግን ከዚያ ሄዶ ነበር፣ ሃያ ዓመት ወደሞላኝ ጊዜ።

ያኔ እናቴና እኔ የምንኖረው ለገሃሬ፣ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳለ ያሠራት ቤት ውስጥ ነበር። ከጎረቤታችን ከአደ ፋጡማ ግቢ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን በዳስ ጊዜ ይነሳል። አደ ፋጡማ አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት፣ ሐሊማ። ሐሊማ በእድሜ ትበልጠኛለች፣ ጸጉር መሥራት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሠርታ ልትበላ ዐረብ አገር ሄደች፤ እዚያው ሳሊም የሚባል የአገሩን ሰው አገባች። ድምጿን በካሴት ቀድታ በጅቡቲ በኩል ትልክልናለች። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙሉ ሲተኛ፣ እኛ ከኒም ዛፉ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን፣ የተቆረጠ ሐብሐብ መሐል አስቀምጠን ካሴቷን እንሰማለን። ከሐሊማ ወሬ ጀርባ የአንዲት አሮጊት ሳል ይሰማል። አማቷ ናት፣ ኡሙ ሳሊም። መልኳን ሳናውቅ ሳሏን ለመድነው፤ በአንዱ ካሴት ሳይሰማ ሲቀር እናቴ ምን ሆና ይሆን ብላ ተጨነቀች።

ከዚያ እዚያ አገር ጦርነት ገባ። ካሴቱም ቆመ። ሳሊም ዳቦ ሊያመጣ ወጥቶ እንደቀረ የሰማነው በሰው በሰው ነው። አደ ፋጡማ እህል አልቀምስ አለች፤ እናቴ ጉንጯን እየዳበሰች በግድ ታጎርሳት ነበር። አንድ ቀን መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ሰው እያወጣ ነው ተባለ፤ ድሬ ቅርብ ናትና መጀመሪያ የሚያርፈውም እኛ ዘንድ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነጎደ። መንገዱ በሙቀት ይርገበገባል፤ ተራራው፣ ዛፉ፣ የቆመው ሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ከሩቅ የመጣችውም አውሮፕላን ስታርፍ ድምጿ የተሰማኝ ዘግይቶ ነው።

የወረዱትን ሰዎች አዳራሽ አስገቧቸው። እዚያ ጥይት እየተተኮሰ ማን ማንን ይመረምራል፤ የደረሰው ሁሉ ተሳፍሯል። ምርመራው እዚህ ሆነ። ከአዲስ አበባ የተላከው ሹም፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ የተጣበቀ ወጣት፣ ከበሩ ቆሞ ደንቡን ነገረን። ወረቀት የያዘ ይወጣል። ወረቀት የሌለውን ኢትዮጵያዊ ዘመዱ መጥቶ ይረከበዋል፤ አንድ ሰው የሚረከበው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚረከበው ሰው ያልተገኘ፣ ዜጋ አይደለምና ማታ አውሮፕላኑ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።

አደ ፋጡማ ለሐሊማ ፈረመች። ሐሊማ ግን አልወጣችም። ኡሙ ሳሊምን ይዛ መጥታለች፤ አሮጊቷ ዐረብ ናት፣ አማርኛ አታውቅም፣ ወረቀትም የላትም። ሐሊማ በአንድ ሠራተኛ በኩል መልእክት ላከችብን፦ እሷን የሚረከብ ሰው ካልተገኘ እኔም አብሬያት እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ጠባይ መናገር አለብኝ። በእኛ ሰፈር ደግ ነገር ሊሠራ ያሰበ ሰው ማንንም አያማክርም። ያማከረ እንደሆነ ሌላው እንዲሠራለት ፈልጎ ነው ይባላል፣ ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ መልእክቱን የሰማ ሁሉ ጭጭ አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ውኃ ልጠጣ ብላ ተነሳች። የሰፈሩ ባለሱቅ ዐብዱላሂ ጥላ ፍለጋ ሄደ። ጡረተኛው ባቡር ነጂ ጋሽ ከበደም ሲጋራ አምሮኛል አለ፤ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። እኔ እናቴን ተከትዬ አዳራሹ ስገባ ሦስቱም ሹሙ ፊት ተገናኝተዋል።

እናቴ የሟች ባሌ አክስት ናት ብላ ነበር። ዐብዱላሂ እናቴ ናት አለ። ጋሽ ከበደ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የክርስትና እናቴ ናት ብሎ አረፈው። ኡሙ ሳሊም ጥቁር ሒጃቧን እንደለበሰች መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሓዋን እየቆጠረች ታየናለች።

«የክርስትና እናትህ?» አለው ሹሙ፣ ዓይኑን ከሙስበሓው ላይ ሳይነቅል።

«ድሬ ነው እኮ ጌታዬ» አለ ጋሽ ከበደ።

እኔ ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም፤ የሹሙ ፊት ጠቁሮ ነበር። አንዳቸው ብቻ ቢመጡ ያምን ነበር። ሦስት ሲሆኑ ሁሉም ውሸት ሆነ። መንግሥት ላይ ትቀልዳላችሁ፣ ይህ አውሮፕላን በሕዝብ ገንዘብ ነው የበረረው ብሎ ተቆጣ። አሮጊቷ ትመለሳለች አለ። ያን ጊዜ ሐሊማ መሬት ላይ፣ ከአማቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ልጇ ሲወጣ እናቴን አደራ ብሎኝ ነው የወጣው። እኔንም አብረህ ጻፈኝ።»

አደ ፋጡማ ከበሩ ውጪ ሆና ሰማች። አላለቀሰችም፣ የበሩን ብረት ይዛ ቀስ ብላ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከዚያ በፊት ሰው እንደዚያ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ሹሙም አያት። ኋላ ላቡን ጠርጎ፣ ውሰዷት፣ ከእንግዲህ ግን ከእናንተ ወገን ዘመዴ ነው የሚል አልሰማም አለ። እናቴ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸሻት።

እልልታው ቀለጠ። ሐሊማና ኡሙ ሳሊም ተደጋግፈው ሲወጡ፣ እኔ ጓዛቸውን ልይዝ ወደ ኋላ ቀረሁ። አሮጊቷ ከተነሳችበት አግዳሚ ጫፍ ላይ አንዲት የእኔ እኩያ ተቀምጣለች። ሰልማ ነው ስሜ አለችኝ፤ አማርኛዋ የተሰባበረ ነው። እናቷ የዚያ አገር ሰው ናት። አባቷ የዋሂል ሰው ነበር፣ ሞቷል።

«ለእኔ ማን ይመጣል?» አለችኝ።

ዋሂል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለች አገር ናት እኮ! ሮጬ ሹሙ ዘንድ ሄድኩና እህቴ ናት አልኩት። አልተቆጣም፣ ደክሞት ነበር። «አንቺም?» ብቻ አለኝ። እናቴ መጣች፣ ዐብዱላሂ መጣ፣ ጋሽ ከበደ ኮፍያውን አውልቆ ለመነ። የሚሰማን አላገኘንም፤ በአንዲት አሮጊት ላይ የተረባረቡት ሦስቱ ሰዎች፣ ከዝምድናቸው አንዱን እንኳ ለዚህች ልጅ ማትረፍ አልቻሉም። ዐብዱላሂ ዘመድ ፈልጉ ብሎ ፒክአፑን ወደ ዋሂል ላከ። መኪናው ሌሊት ላይ አጎቷን ይዞ ደረሰ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሽማግሌ። አውሮፕላኑ ከተነሳ ቆይቶ ነበር። ሰውየው ሰማዩን አየና የት ጋ ናት አለን።

ኡሙ ሳሊም ለብዙ ዓመት አብራን ኖረች። ጠዋት ጠዋት አብሽ መትታ በትኩስ ዳቦ በአጥሩ ላይ ታቀብለን ነበር፤ ሁላችንም እማማ አልናት። ስትሞት ሦስቱም ቤት ድንኳን ካልተከልኩ ብሎ ተጣላ። የሰልማን ወሬ ግን ከዚያ ወዲያ የሰማ ሰው የለም።

የታይዋኑ ልጅ ማራገቢያውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ፣ «እናቴ፣ እርስዎስ ማን ይምጣ ይላሉ?» አለኝ።

«መጀመሪያ የሚረከበው የሌለውን ያምጡት» አልኩት።

ሳቁና፣ እሱ በምን ይታወቃል አሉኝ።

«ድሮ እንዲህ የመጡ ሰዎች በነበሩበት አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው በሩን ነበር» አልኳቸው። «አንዷ ብቻ ጫማዋን ታይ ነበር።»

እኔም ካርቶኔን ተቀብዬ መሄድ ሲገባኝ ቆሜ ቀረሁ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ካለው ሕዝብ መካከል አንገቱን የደፋ ሰው እየፈለግሁ።