እናቴ የተቀመጠችበት ደረጃ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛ «ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሁን» ቢላት እንኳ ያልጣማትን ስፌት ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። በዚህ ግትርነቷ ስንት ጊዜ ሰው ፊት አፍሬያለሁ።

የልብ ድካም ከያዛት አራት ዓመቷ ነው። አምና ማህፀኗ ላይ እጢ ተገኘና ደሟ አልቆም አለ። የሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለው የማህፀን ሐኪም፣ «ደም የሚያቆም መድኃኒት አለ፤ ግን የልብ ሐኪማቸው ትፍቀድ» አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የልብ ሐኪም ደግሞ፣ «መድኃኒቱ የረጋ ደም እንዳይሟሟ ያደርጋል። የደከመ ልብ ላይ ያስፈራል። ደሙ ካልቆመም ልባቸው ይብስበታል። እሱ ይወስን» አለች። ሁለቱም ታካሚዋን ሳያዩ ምንም አይጽፉም። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን።

በሦስተኛው ዙር፣ ደረጃው መሀል ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

«እኔ ጨርሻለሁ። እሱም ይውጣ፣ እሷም ትውረድ።»

ዘበኛው መጣ። «እማማ፣ መንገድ ዘጉ እኮ። ይነሱ።»

«አልነሳም ልጄ። የምደማው እኔ፣ ደረጃ የምወጣው እኔ። አንድ ቀን ቢነጋገሩ ምን ይጎድልባቸዋል?»

ሰው ቆሞ ያየናል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘበኛው ወደኔ ዞረ፤ «እህቴ፣ አንቺ አስነሺያቸው እንጂ።»

ላነሳት እጇን ያዝኩ። ቀዝቅዟል፤ ጥፍሮቿ ነጭ ሆነዋል። እፍረቴ ባንድ ጊዜ ንዴት ሆነ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ መንገዱ አሁን በደንብ ተዘጋ።

«ሁለቱንም ጥራቸው» አልኩት።

መጡ። እሱ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ እሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። ያን ሁሉ ያመላለሰንን ነገር ለመጨረስ አስር ደቂቃ አልፈጀባቸውም፦ መጀመሪያ መድኃኒቱን የሚያስወጣው ኩላሊቷ ይመርመር፤ መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ለጥቂት ቀን ይሰጣት፤ ደም ረግቶባት እንደሆነ ለማወቅ ሆስፒታል ተኝታ እግሯና ትንፋሿ ይታይ።

«ጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙ» አለች እናቴ። ጎንበስ ብለው እዚያው ደረጃው ላይ ጽፈው ፈረሙ።

በአራተኛው ቀን ደሙ ቆመ። አሁን ስፌቷ ላይ ናት፤ እኔም በግትርነቷ ማፈር ትቻለሁ። ሊፍቱ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ቀጠሮዋ ሲደርስ ግን እናቴ ምድር ቤት ትቀመጣለች፤ የልብ ሐኪሟ ትወርድላታለች።